የዩክሊድ ቴሌስኮፕ እክሎች፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2023 ያመጠቀው ዩክሊድ የጥቁር ቁስን (ብርሃን የማይሰጥና በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ስርጭት የሚያጠናው፣ የሩቅ ጋላክሲዎች ምስል በስበት ሳቢያ በምን ያህል እንደተዛባ በመለካት ነው። መዛባቱ እጅግ ጥቂት በመሆኑ የቴሌስኮፑ የራሱ እንከን የጥቁር ቁስ አሻራ መስሎ ሊታይ ይችላል። መሣሪያው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝም ማንኛውም ጥገና የሚከናወነው በሬዲዮ በሚላክ ትእዛዝ ብቻ ነው።

ከዋክብት በነጥብ ፋንታ እንደ ተጠቀለለ ክር ሆነው ከታዩ

መንስኤው አቅጣጫ ጠባቂው መሣሪያ የሚከተላቸውን ከዋክብት መሳቱ ነው። ከኅዋ የሚመጡ ኃይለኛ ቅንጣቶች በመሣሪያው ላይ ሲያርፉ የሐሰት ኮከብ ይፈጥሩ ነበር። መሐንዲሶቹ ሶፍትዌሩን አሻሽለው መጀመሪያ በምድር ላይ ፈተሹት፤ ወደ ቴሌስኮፑ ከተላከ በኋላም ችግሩ መፈታቱ በኦክቶበር 2023 ተገለጸ።

ምስሉ ላይ ያልተጠበቀ ብርሃን ከፈሰሰ

ቴሌስኮፑ በአንዳንድ ማዕዘኖች ሲዞር የፀሐይ ብርሃን ከጥላው ውጭ በቀረ የአንድ ሞተር ድጋፍ ላይ ይነጥርና ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ድጋፉን መንቀል ስለማይቻል የቅኝቱ ዕቅድ እነዚያን ማዕዘኖች እንዲያስወግድ ተደርጎ እንደገና ተነደፈ።

ብርሃናቸው የማይለዋወጥ ከዋክብት ቀስ በቀስ ከደበዘዙ

ከሦስቱ በጣም ረቂቁ እክል ይህ ነው፤ ምልክቱ ራሱ የታወቀው በኖቬምበር 2023 ተመሳሳይ ከዋክብት በተደጋጋሚ ሲለኩ ነው። መንስኤው በረዶ ነበር። ቴሌስኮፑ በምድር ላይ ሲገጣጠም ከአየር የመጠጠው ውሃ በኅዋ ባዶነት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣና ቀዝቃዛ መስተዋት ሲያገኝ ይጋገርበታል፤ የግግሩ ውፍረት በናኖሜትር የሚለካ ቢሆንም ብርሃን ለመቀነስ በቂ ነው።

ቴሌስኮፑን በሙሉ ማሞቅ ቀላል መፍትሄ ይመስላል፤ ነገር ግን አካላቱ በሙቀት ሲለጠጡ የመስተዋቶቹ አሰላለፍ ሊናጋ ስለሚችል፣ ቡድኑ መስተዋቶቹን አንድ በአንድ ለማሞቅ መረጠ፤ ይህም በረዶው የት እንደተቀመጠ ለመለየት የሚያስችል ብልህ ምርጫ ነበር። በማርች 2024 ለማሞቅ መጀመሪያ የተመረጠው መስተዋት ከዜሮ በታች ከነበረበት 147 ወደ 113 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ ተደረገ፤ በ100 ደቂቃ ውስጥም ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን በ15 በመቶ ጨመረ። በመሣሪያው ውስጥ የቀረው ውሃ ገና መውጣቱን ስለማያቆም፣ ድብዘዛው ሲመለስ ያው መስተዋት እንደገና ይሞቃል።