የባቡር ዘመን ድንጋይ ቤት ከቦታው ተነሥቶ እንዴት መልሶ ይሠራል?

በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ በለገሃርና በከዚራ ሰፈሮች መሠራት ከጀመሩት ቀደምት ቤቶች አንዱን የማንሣት ሐሳብ ሲቀርብ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ቤቱን ባለበት ማቆየት በእርግጥ የማይቻል መሆኑ ነው። ድንጋይ ቤት ሲነሣ ከግንቡ ብዙ ነገር ስለሚጠፋ፣ በእኔ እምነት መነሣት ያለበት መንገድ ሲያልፍበት ወይም በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው ያለ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲያሰጋው ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከቦታው ለማንሣት የቅርስ ባለሥልጣኑን የጽሑፍ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱ ሳይገኝ አንድ ቆርቆሮ እንኳ መነቀል የለበትም።

ሥራው የሚጀምረው በሜትርና በካሜራ ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ ፊት ለፊት ፎቶ ተነሥቶ ከታተመ በኋላ ለማዕዘንና ለመስኮት ጥርብ ድንጋዮች በፎቶው ላይ ቁጥር ይሰጣል፤ ድንጋዩ ሲነሣ ያው ቁጥር ግንቡ ውስጥ በሚገባው ፊቱ ላይ በቀለም ይጻፋል። በጠመኔ መጻፍ አይገባም። በአንድ ሥራ ላይ የመስኮት መቃኖችን በጠመኔ ቁጥር ሰጥተን ጓሮ ውስጥ ደርድረናቸው ነበር፤ ነፋሱና የተሸካሚዎች እጅ ቁጥሩን ስላጠፋው የትኛው መቃን የየትኛው መስኮት እንደሆነ ለመለየት የማጠፊያዎቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ እየለካን ብዙ ቀን ባከነብን። የማፍረሱ ቅደም ተከተል የግንባታው ተቃራኒ ነው፦ ቆርቆሮው፣ ወራጁ፣ የበረንዳው እንጨት፣ በርና መስኮቱ፣ በመጨረሻም ግንቡ።

ግንቡ ሲመለስ ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በማያያዣው ላይ ነው። የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ድሬዳዋ ቢሆንም፣ ቀደምቶቹ ቤቶች ከፋብሪካው በፊት የተሠሩ ናቸው። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ ስለሚይዝ ጨው በድንጋዩ ፊት ላይ ይወጣል፤ ድንጋዩም ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። ስለዚህ በውኃ የበረደና ተነፍቶ ለሳምንታት ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ተሸፍኖ የቆየ ኖራ ያስፈልጋል፤ ለአንድ እጅ ኖራ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይበቃል። የአሸዋውን ንጽሕና ለማወቅ ጥቂቱን ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጦ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ከአሸዋው በላይ ወፈር ያለ ጭቃ ከተኛ እንደገና መታጠብ አለበት። በድሬ ሙቀት ኖራው ሳይጠነክር ደርቆ ዱቄት እንዳይሆን፣ ሥራው በማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ይከናወናል፣ የተገነባውም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይሰነብታል።

ምስጥ የበላው እንጨት በሙሉ አይጣልም፤ የተበላው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ በዚያው ዓይነት እንጨት ይቀጠላል። አዲሱ ቦታ ከፍ ያለ ሊሆን ይገባል፣ በረንዳውም የቀድሞ አቅጣጫውን ይይዛል፤ ጥላው የተሠራው ለዚያ ፀሐይ ነውና። ስንጥቅ ከታየ በላዩ ላይ ቀጭን የጀሶ ልጥፍ ተደርጎ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ልጥፉ ከተሰበረ መሠረቱ ገና እየሰመጠ ስለሆነ ልስኑ እስከሚቀጥለው በጋ መቆየት አለበት።