ለረጅም ሰው የሚበቃ የቤተሰብ ድንኳን አመራረጥ፦ ጣና ዳር ለሚያድሩ

ድንኳን ሲገዛ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ «የስንት ሰው ነው?» እና «ከፍታው ስንት ነው?»። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ85 በላይ ለሆነ ሰው ሁለቱም መልሶች ብዙ አይጠቅሙም። የሰዎቹ ቁጥር የሚሰላው ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ያለ ሻንጣ፣ ለእያንዳንዳቸው ከ55 እስከ 60 ሴ.ሜ. ወርድ ተሰጥቷቸው ነው። ከፍታው ደግሞ የሚለካው ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ በአንዲት ነጥብ ነው። ግድግዳው ከራስጌና ከግርጌ ምን ያህል እንደሚያጋድል ማሸጊያው ላይ አይጻፍም፤ ረጅም ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

የተኛ ሰው ልኬት

በጀርባው የተኛ ሰው የእግሩ ጣት ከፍራሹ በላይ 30 ሴ.ሜ. ገደማ ይነሳል። ከሥሩ 10 ሴ.ሜ. ስፖንጅ ካለ ከወለሉ 40 ሴ.ሜ. ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት የወለሉ ርዝመት ሳይሆን ከወለሉ 40 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ያለው ርዝመት ነው። ግድግዳው 80 ዲግሪ ገደማ ቆሞ ከሆነ በዚያ ከፍታ የሚጠፋው 7 ሴ.ሜ. ብቻ ነው። ወደ 60 ዲግሪ ካጋደለ 23 ሴ.ሜ.፣ 45 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ሙሉ 40 ሴ.ሜ. ይሄዳል። ይህ የአንድ ጫፍ ሒሳብ ነው፤ በራስጌም ትራሱ ጭንቅላትን ከፍ ስለሚያደርግ ያንኑ ያህል ይጠፋል። ወለሉ 2.40 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 60 ዲግሪ የሚያጋድል ድንኳን ለተኛው ሰው የሚያስቀርለት 1.94 ብቻ ነው። ወለሉ 2.25 ሆኖ ግድግዳው 80 ዲግሪ የቆመው ግን 2.11 ይሰጠዋል። አጭሩ ወለል ረጅሙን በለጠ።

የሚያስፈልገው የሰውየው ቁመት ሲደመር 20 ሴ.ሜ. ነው። ተኝቶ እግሩን ሲዘረጋ 10 ሴ.ሜ. ያህል ይጨምራል፤ የቀረው 10 ሴ.ሜ. ጨርቁን እንዳይነካ ነው። ለ1.90 ሰው 2.10 በቂ ነው፤ ለ1.97 ሰው 2.17 ይፈለጋል።

ይህን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቁመቱ 40 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ወይም ሱቁ ደጃፍ ያስተክሉና ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው ይግቡ። አንዱን በራስጌ፣ አንዱን በግርጌ በኩል የላይኛው ጠርዙ ግድግዳውን እስኪነካ ያስጠጉ። ጨርቁን አይግፉ፤ ከተገፋ ልኬቱ ይረዝማል። ከዚያ ከአንዱ ጀሪካን የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው የውጭ ጠርዝ በሜትር ይለኩ። ትክክለኛው የመኝታ ርዝመት እሱ ነው። የሚተኙት በአየር በሚነፋ ፍራሽ ላይ ከሆነ ግን ፍራሹ ብዙ ጊዜ 22 ሴ.ሜ. ስለሚወፍር፣ ከጀሪካኑ ሥር 12 ሴ.ሜ. የሚሆን እንጨት ወይም ጡብ ይጨምሩ። የሚነፋ ፍራሽ ሲገዛም የተለመደው የሁለት ሰው ልክ 137 በ191 ሴ.ሜ. ስለሆነ ለረጅም ሰው ያጥረዋል፤ 152 በ203 የሆነውን ይፈልጉ።

እግር ጨርቁን ቢነካ ምን ይመጣል? ከእያንዳንዱ የተኛ ሰው በትንፋሽና በላብ በአንድ ሌሊት ከሩብ ሊትር በላይ እርጥበት ይወጣል። ጣና ዳር ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ስለሚወርድ፣ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። እግር የውስጡን ጨርቅ ገፍቶ ከውጩ የዝናብ ሽፋን ጋር ካገናኘው ጤዛው በቀጥታ ወደ ጋቢው ይሻገራል። ጠዋት «ድንኳኑ ያፈሳል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

የቆመ ሰው ልኬት

1.90 የሆነ ሰው ጫማ አድርጎ 1.93 ይሆናል። ጸጉሩ ጣሪያውን ሳይነካ እንዲቆም 1.95 ያስፈልገዋል፤ ቀና ብሎ ልብስ እንዲለብስ ደግሞ 2.10 የጣሪያ ከፍታ ይፈለጋል። ነገር ግን ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.10 በሆነ ጉልላት ቅርጽ ድንኳን ውስጥ 1.95 የሚገኘው መሐል ላይ 80 ሴ.ሜ. ገደማ በሆነ ቦታ ብቻ ነው። ከፍታው 2 ሜትር ከሆነ ቦታው ወደ 50 ሴ.ሜ. ይጠባል። እዚያው መሐል ላይ ደግሞ የፋኖስ ማንጠልጠያ ይኖራል፤ ፋኖሱን ወደ ዳር ያዛውሩት።

ዋሻ ቅርጽ ያለው ድንኳን ያንኑ 80 ሴ.ሜ. ይዞ በርዝመቱ ስለሚሄድ ረጅም ሰው ወዲያ ወዲህ ይልበታል። የዚህ ዓይነቱ ድንኳን ችግር ሌላ ነው፤ በውስጡ የሚንጠለጠሉት የመኝታ ክፍሎች ብዙዎቹ 2.10 ርዝመት ብቻ ስላላቸውና ጨርቃቸውም ስለሚረግብ ለ1.90 ሰው በጭንቅ ነው የሚበቁት። በተጨማሪም ያለ ካስማ አይቆምም። ባሕር ዳር ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ከላዩ አፈር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ካስማው አምስት ጣት ገብቶ ድንጋይ ሲመታ ዋሻው ድንኳን ይወድቃል።

የቤት ቅርጽ ያለው፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ድንኳን በመኝታም በመቆምም ይበልጣል። ለጣና ዳር የምንመርጠውም እሱን ነው። በብረት ምሰሶ የቆመ ከሆነ ያለ ካስማም ቅርጹን ይይዛል፤ ምሰሶው ቢጎብጥ ደግሞ ማንኛውም በያጅ ያቃናዋል። የፋይበር ዘንግ ግን ሲሰነጠቅ በርዝመቱ ስለሚሰነጠቅ አይበየድም። ለጊዜው መፍትሔው ዘንጉ ልክ የሚገባበት 15 ሴ.ሜ. የብረት ቱቦ ስንጥቁ ላይ አልብሶ ሁለቱን ጫፍ በቴፕ ማሰር ነው፤ ቱቦውን ከቤት ይዘው ይሂዱ። ፋይበር ከሆነ ምርጫዎ፣ ለትልቅ ድንኳን ከ11 ሚ.ሜ. ያነሰ ውፍረት አይግዙ።

የበሩንም ከፍታ ይዩ። በሩ 1.50 ከሆነ ረጅሙ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ይጎነበሳል፤ በጀርባው ዚፑን እየገፋ ያላቅቀዋል። ከ1.75 በላይ የሆነ በር ዚፑንም ወገቡንም ያተርፋል።

ስንት ሰው፣ የት ይተኛ

አባትና እናት በ152 ሴ.ሜ. ፍራሽ፣ ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው በ60 ሴ.ሜ. ቢተኙ 3.32 ሜትር ወርድ ይፈጃል፤ ሻንጣው ገና አልገባም። ለአምስት ሰው «የ8 ሰው» የሚለውን ማየት ይገባል፤ ለአራት ሰው «የ6»ን። ረጅሙ ሰው መሐል ላይ፣ ከፍተኛው ጣሪያ ሥር ይተኛ፤ ልጆቹ ወደ ዳር። ክፍል የሚከፍል መጋረጃ ካለ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይመልከቱ። 4.20 በ2.70 የሆነ ወለል 4.20ው ላይ ለሁለት ቢከፈል ሁለት 2.10 በ2.70 ክፍሎች ይሆናሉ፤ ረጅሙ ሰው በ2.70ው በኩል ይዘረጋል። ሦስት ክፍል ከሆነ ግን ወርዱ 1.40 ስለሚቀር ፍራሹ አይገባም።

ዝናብ፣ ነፋስ፣ ቢንቢ

የቤት ቅርጽ ድንኳኖች ትልቁ ጉድለት የዝናብ ሽፋናቸው ነው። ብዙዎቹ ጣሪያቸውን ብቻ የሚሸፍን ቁራጭ ሽፋን ይዘው ይመጣሉ። ከመስቀል እስከ መጋቢት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ከግንቦት ጀምሮ ግን ዝናቡ ከነፋስ ጋር አግድም ሲመጣ በመስኮቱ መረብ በኩል ይገባል። እስከ መሬት የሚደርስ ሽፋን ያለውን ይምረጡ። ካልተገኘ 4 በ6 ሜትር ሸራ ከድንኳኑ ጣሪያ 30 ሴ.ሜ. ከፍ አድርጎ ለብቻው መወጠር ይቻላል፤ የቀኑንም ፀሐይ ይከላከላል።

ጨርቁ ላይ የሚጻፈው 1,500፣ 3,000፣ 5,000 ሚ.ሜ. የሚለው ቁጥር ጨርቁ ሳያሳልፍ የሚሸከመውን የውኃ ዓምድ ከፍታ ያሳያል። ለሽፋኑ 1,500 ዝቅተኛው ነው፤ ለክረምት መግቢያና መውጫ 3,000 ይሻላል። ወለሉ ላይ ጉልበትና ክርን ስለሚጫን 5,000 ይፈልጉ። ስፌቶቹ በውስጥ በኩል በቴፕ መታሸጋቸውን በጣት ይዳስሱ። ጨርቁ ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ናይለን ሲርስ ይለጠጣል፣ በፀሐይም ቶሎ ይዳከማል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐዩ ቀላል አይደለም።

ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ማታ ይገለበጣል። ከፍ ያለ ድንኳን ደግሞ ሰፊ ግድግዳው እንደ ሸራ ጀልባ ነፋስ ይይዛል። ጠባቡን ጎን ወደ ሐይቁ ያዙሩ፤ ሁሉንም የነፋስ ገመዶች አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓትም ቢሆን ይሰሩ።

ቢንቢ በዝናቡ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት ይበዛል፤ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ወባ አለ። የመስኮቱ መረብ እንደ አጎበር ደቃቅ፣ ወለሉም ከግድግዳው ጋር የተሰፋ መሆን አለበት። ወለሉ ተነጣይ የሆነ ድንኳን ለዚህ አካባቢ አይሆንም። በሩ ከታች ሙሉ በሙሉ በዚፕ መዘጋቱን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ማስገቢያው ቀዳዳም ክዳን እንዳለው ያረጋግጡ።

ካስማና መሬት

ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው 18 ሴ.ሜ. ቀጭን ሽቦ ለከፍተኛ ድንኳን አይበቃም። ብረታ ብረት ቤት ሄደው 10 ሚ.ሜ. ፌሮ ያስቆርጡ። ባለ 12 ሜትሩ ፌሮ በ40 ሴ.ሜ. ሲቆረጥ 30 ካስማ ይወጣዋል። የላይኛው 7 ሴ.ሜ. ተጎብጦ መንጠቆ ይሁን፤ ሹል ጠርዙ በሞረድ ይለስልስ፣ ልጆች በባዶ እግር ይሮጣሉ። ለአንድ ትልቅ ድንኳን 16 ይበቃል፤ ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው። በፎገራ በኩል እንዳለው መረሬ አፈር ግን እርጥብ ሲሆን ቀጭን ብረት ይንሸራተትበታል፤ እዚያ 3 በ3 ሴ.ሜ. አንግል ብረት ይሻላል። ካስማው ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያጋድል፣ ከገመዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ።

ከወለሉ ሥር የሚነጠፈው ሸራ ከወለሉ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሴ.ሜ. ያነሰ ይሁን። ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ድንኳኑ ሥር ይሰበስበዋል።

የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በግንቦት ደረቅ የነበረው ዳርቻ ያን ጊዜ ረግረግ ይሆናል። ጣና ወደ ዓባይ በሚፈስበት በኩል ጉማሬዎች አሉ፤ ማታ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ። ደንገሉ መሐል የተረገጠ መንገድ ካዩ እዚያ አይትከሉ፤ በውኃውና በሣሩ መካከልም አይሁኑ። የዘጌ ደን ውስጥ ለማደር ደግሞ መሬቱ የገዳማትና የገበሬዎች ስለሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው።

ዘመድ ከውጭ ሲያመጣ

ከአሜሪካ የሚመጡት ልኬታቸው በኢንችና በጫማ ነው። 72 ኢንች 1.83፣ 78 ኢንች 1.98፣ 84 ኢንች 2.13 ሜትር ነው፤ ለ1.90 ሰው 84ቱን ይዘዙ። ወለሉ 10 በ9 ጫማ ከተባለ 3.05 በ2.74 ሜትር ማለት ነው። አውሮፕላን ለአንድ ሻንጣ ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው 23 ኪሎ ሲሆን፣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴ.ሜ. እንዳያልፍ ነው። 120 ሴ.ሜ. ርዝመት፣ 30 በ30 ጥቅል ያለው ድንኳን 180 ስለሚመጣ ተጨማሪ ያስከፍላል። ከመግዛት በፊት የታሸገበትን ልክ ይጠይቁ።

ዘጌ ወይም ጎርጎራ ከመውጣትዎ በፊት ግቢ ውስጥ ይትከሉትና በውኃ ጎማ ከላይና ከጎን ለ20 ደቂቃ ያጠጡት። ረጅሙ ሰው ውስጥ ይተኛና ስፌቶቹን በባትሪ ይይ። የፈሰሰበትን በኖራ ምልክት አድርገው ሲደርቅ በስፌት ማሸጊያ ይቅቡ፤ ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ሲሊኮን፣ ፖሊዩረቴን የተቀባው የራሱን ይፈልጋል፤ ካልተገጣጠሙ ማሸጊያው ይላጣል።

የከሰል ምድጃ፣ ለቡናም ሆነ ለሙቀት፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ድንኳኑ ሰፊ፣ መስኮቱም ክፍት ቢሆን ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ለብርዱ ከሥር ወፍራም ስፖንጅ፣ ከላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሁን።

ሲመለሱ ድንኳኑን ደረቅ ቢመስልም አንድ ቀን ጥላ ሥር ዘርግተው ያናፍሱት። እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይሻግታል፤ ውኃ የሚከላከለው ቅብም ከጊዜ በኋላ እየተጣበቀ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ማዳኑ ከባድ ነው።