ሜትፎርሚን የምትወስዱ፣ ይቺን ልብ በሉ

አቦ ድሬዎች፣ ስኳር ያለባችሁ ወይም ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይቺን አንብቧት።

የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ሲደርስ ግን ድካም ይመጣል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ክፋቱ፣ ስኳሩ ራሱም እግር ያደነዝዛል። ስለዚህ «ያው ስኳሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ የግመል ወተትም ጭምር። ሽሮና ጎመን ውስጥ አትፈልጉት። ጾም የማታስታጉል እናት ካለቻችሁ ይሄ በተለይ እሷን ይመለከታል።

ለክትትል ስትሄዱ «ቢ12ዬ ይለካልኝ» በሉ። የደም ምርመራ ነው። ከዚያ በፊት ቢ ኮምፕሌክስ (ቢ12ም ያለበት የቫይታሚን ክኒን) ገዝታችሁ አትዋጡ፣ ውጤቱን ያዛባዋል። ጀምራችሁ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ ማቋረጥ ግን የለም!

ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱም አላችሁ። እሱ ጡንቻ የሚያስፈልገውን ማዕድን፣ ፖታሲየምን፣ በሽንት ያስወጣል። በድሬ ሙቀት ላቡ ሲታከልበት ደግሞ ጡንቻ ቢጨመድድ አይገርምም። ሙዝና ፓፓያ ፖታሲየም አላቸው። ኤናላፕሪል የሚባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አያብዛ፤ እሱ ጋ ችግሩ የፖታሲየም መብዛት ሊሆን ይችላል።