አፈሩም ስም አለው፦ በእንግሊዝ ሞተራችሁን ገጠር ከማውጣታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ከዚራ ቁጭ ብዬ ነው። ለእረፍት ድሬ ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ፀሐይዋ በረድ ብላለች፣ ባጃጆቹ ግን ጥሩምባቸውን አላበረዱም። አጠገቤ የአክስቴ ልጅ አለ። የዛሬ ወር ወደ እንግሊዝ ይሄዳል። ስለ ቤት ኪራይ አልጠየቀኝም፣ ስለ ሥራም አልጠየቀኝም። «አቦ፣ እዚያ ሞተር ገዝቼ ገጠር ገጠሩን ብነዳ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል? ንገሪኝ እስቲ» አለኝ።

አልፈርድበትም። ሞተር የለመደው የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን፣ እዚያው አሸዋው ላይ ነው። እኛ ጋ አሸዋው የሁሉም ነው። ደራሽ ውሃ ካልመጣ በቀር ውጣ የሚልህ የለም። እንግሊዝ ግን እያንዳንዱ የአፈር መንገድ በሕግ የተሰጠው ስም አለው። ኢንሹራንስህ የሚያየው ያንን ስም ነው፣ ጭቃውን አይደለም። ለእሱ የነገርኩትን እዚህ ላስፍረው፤ በቅርቡ ለገባችሁትም ይሆናል።

ሦስተኛ ወገን እዚህም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እዚያ ያለው የ1988 የትራፊክ ሕግም በመንገድ ላይና ሕዝብ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ኢንሹራንስ ያስገድዳል። ደረጃው ሦስት ነው። ትንሹ ለሌላ ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት ብቻ ይከፍላል። መካከለኛው ስርቆትና ቃጠሎ ይጨምራል። ሙሉው ደግሞ አንተው ወድቀህ ሞተርህን ብትሰብርም ይከፍላል። ገጠር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ እዚህ ላይ ይገባዋል። ጭቃ ላይ የምትወድቀው ብቻህን ነው፣ የሚሰበረውም የራስህ ሞተር ነው። ትንሹን የያዘ ሰው ያን ቀን ኪሱን ይዳብሳል።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። ሰው የሚሳሳተው «ከአስፋልት ወጣሁ ማለት ከመንገድ ወጣሁ ማለት ነው» ብሎ ሲያስብ ነው። አይደለም። ባይዌይ የሚባል አለ፤ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ክፍት የሆነ የአፈር መንገድ ማለት ነው። በግና ጭቃ ቢሞላውም በሕግ መንገድ ነው። ስለዚህ ታርጋ፣ ኢንሹራንስ፣ የመንገድ ግብርና መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል። ሞተሩ ሦስት ዓመት ካለፈው እንደኛው ቦሎ በየዓመቱ መመርመር አለበት። አንዳንዱ ሞተሩን ከመንገድ ወጥቷል ብሎ አስመዝግቦ፣ ግብሩን አቁሞ፣ «ጭቃ ላይ እኮ ነው የምነዳው» ይላል። ባይዌይ ላይ ይህ አይሠራም።

እንዴት ትለየዋለህ? በቀስት ቀለም። መንገዱ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የእንጨት ምሰሶ አለ፣ ምሰሶው ላይ የመዳፍ ያህል ክብ ምልክት፣ ምልክቱ ላይ ቀስት። ቢጫዋ የእግረኛ ናት። ሰማያዊዋ ፈረስና ብስክሌት ትጨምራለች። ወይን ጠጅዋ ለፈረስ ጋሪ ትፈቅዳለች፣ ለሞተር ግን አትፈቅድም። ቀይዋ ናት ያንተ። እኔ የመጀመሪያ ሰሞን ሰማያዊዋን አይቼ «ሰፊ ነው፣ ኮቴም አለበት፣ ያስኬዳል» ብዬ ልገባ ነበር። ውሻ የምታናፍስ አንዲት አሮጊት ናቸው በትሕትና የመለሱኝ። ትሕትናቸው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቀስት የሌላቸው፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በመንገድነት የመዘገባቸው የአፈር መንገዶችም አሉ። እነሱን በግምት አትግባ፣ የአካባቢውን ካውንስል ጠይቅ። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ የድሮ ጋሪ መንገዶች የሞተር መብታቸውን ያጡት ሜይ 2 ቀን 2006 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ነው። ለድሬ ልጅ ዓመቷን መያዝ አይከብድም፤ ደቻቱ ከተማውን በሌሊት የመታባት ዓመት ናት። ስለዚህ «አባቴ በዚህ ይነዳ ነበር» የሚል ፈረንጅ ብታገኝ አትከተለው። ቀይ ቀስት ያለውም ቢሆን በወቅት ሊዘጋ ይችላል። ሪጅዌይ የሚባለው ጥንታዊ መንገድ የተወሰኑ ክፍሎቹ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ለሞተር ዝግ ናቸው። መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳታነብ አትለፍ። ይህ ሁሉ የእንግሊዝና የዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ ሌላ ነው።

ኢንሹራንሱ ጋ ስንመጣ ደግሞ ሕጉ የፈቀደልህን ሁሉ ውልህ ይሸፍናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ኩባንያ ባይዌይን እንደ ማንኛውም መንገድ ያየዋል። ሌላው «ከመንገድ ውጭ አልሸፍንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጽ 20 ላይ ይደብቃል። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ደውል። «ከመንገድ ውጭ እነዳለሁ» አትበል፤ ያ ቃል ለእነሱ እርሻ ውስጥ መጋለብ ነው፣ ዋጋው ይንራል ወይም ስልኩ ይዘጋል። ማለት ያለብህ «ግሪን ሌን እነዳለሁ፣ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ክፍት በሆኑ ባይዌዮች ላይ ብቻ» ነው (ግሪን ሌን የሚሉት የገጠሩን የአፈር መንገድ ነው)። ቀጥለህ «እዚያ ብወድቅ የምትከፍሉት ለሌላ ሰው ብቻ ነው ወይስ ለእኔም ሞተር?» በል። ልጅቷ «ኖ ፕሮብለም» ትልሃለች። «እሺ፣ በኢሜይል ላኪልኝ» በላት። ስልክ ላይ የተባለ ነገር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ውድድርና የሰዓት ፉክክር ከመደበኛ የመንገድ ውል ብዙ ጊዜ ውጭ ነው። የመለማመጃ ሜዳም እንደዚያው። የግል መሬት ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ ሕጉ ኢንሹራንስ አያስገድድህም። ግን ሰው ብትገጭ ዕዳው ያንተው ነው።

ሌላው የሞተሩ ለውጥ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ላውራ። ያገለገለ 250 ሲሲ ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤት ማርሚታውን ቀይሯል፣ ጥርሳም ጎማ አስገብቷል። ኢንተርኔት ላይ ኢንሹራንስ ስሞላ «ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተለወጠ ነገር አለው?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ አልለወጥኩ! «የለም» የሚለውን ተጫንኩ። በአራተኛው ወር ዊልትሸር ውስጥ ዝናብ የነካው ነጭ አፈር ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። ያ አፈር ሲደርቅ ጠመኔ ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና። የፊት መብራቱ ረገፈ፣ መሪው ተጣመመ፣ ራዲያተሩ ተቀደደ። ጠጋኙ 1,200 ፓውንድ አለ።

ኩባንያው ፎቶ ጠየቀ፣ ላክሁ። ፎቶው ላይ ማርሚታው ወለል ብሎ ይታያል። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ የከፈልሽው አረቦን 300 ነው፣ እውነቱን ብትነግሪን ኖሮ 400 እናስከፍልሽ ነበር፣ ስለዚህ ከካሳው ሦስት አራተኛውን እንከፍላለን። የ2012ቱ የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ በግዴለሽነት ለተሰጠ የተሳሳተ መልስ ይህን ይፈቅዳል። 900 ሆነ። ከዚያ ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም መጀመሪያ ከኪሴ የምችለው 250 ተቀነሰ። 650 ደረሰኝ። መቶ ፓውንድ አረቦን «አተረፍኩ»፣ ሦስት መቶ ካሳ አጣሁ። ሆን ብዬ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ውሉን ሰርዘው፣ ገንዘቤን አስቀርተው፣ ምንም ባልከፈሉኝ ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ስትገዛ ሻጩን ምን ምን እንደቀየረ ጠይቀህ በወረቀት ያዝ። የእጅ መከላከያ፣ ታንከር፣ ጎማ፣ ሁሉንም ተናገር። ጎማው ለመንገድ የተፈቀደ መሆኑንም እይ፤ የውድድር ብቻ የሆነ ጎማ አለ።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ «ባይኖረኝስ? ገጠር ማን ያየኛል?» አለ። ገጠር ለመድረስ ከተማ ታልፋለህ፤ ካሜራዎቹ ታርጋህን አንብበው ኢንሹራንስ እንዳለህና እንደሌለህ ወዲያው ያውቃሉ። ሲያዙህ ቅጣቱ 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃድህ ላይ 6 ነጥብ ነው፣ ሞተሩም ሊወሰድ ይችላል። የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ካወጣህ ሁለት ዓመት ሳይሞላህ 6 ነጥብ ከደረስክ ደግሞ ፈቃዱ ራሱ ይሰረዛል። ከቀይ ቀስት ውጭ እየነዳህ ሰው ብታውክም ፖሊስ ሞተርህን የሚወስድበት ሌላ ሕግ አለው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ሞተር ምግብ ላደርስ ብትል የግል መዝናኛ ኢንሹራንስ አይሠራም። ለክፍያ ዕቃ የማመላለስ የተለየ ሽፋን ይፈልጋል፣ ውድ ነው። ብዙ የእኛ ልጆች የተያዙት በዚህ እንጂ በጭቃ አይደለም።

መንጃ ፈቃዱን በአጭሩ። የኢትዮጵያው ፈቃድህ የሞተር ምድብ ካለው ነዋሪ ከሆንክበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ያስነዳሃል። ኢትዮጵያ ፈቃዷ በቀጥታ ከሚቀየርላቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ 12 ወሩ ካለፈ በኋላ ጊዜያዊ ፈቃድ አውጥተህ፣ የአንድ ቀን መሠረታዊ ሥልጠና ወስደህ፣ የለማጅ ምልክት የሆነውን ቀይ «ኤል» ለጥፈህ እስከ 125 ሲሲ ትነዳለህ። የሥልጠናው ወረቀት ሁለት ዓመት ይቆያል። ከዚያ ፈተና ነው። ለኢንሹራንስ ስትደውል የትኛው ፈቃድ እንዳለህ በትክክል ተናገር። ድሬ ላይ ስንት ዓመት ሳትጋጭ እንደነዳህ ብትተርክላቸው ያዳምጡሃል፣ ቅናሽ ግን እምብዛም አትጠብቅ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «ሄልሜቴን ይዤ ልሂድ?» አለኝ። ገልብጬ ውስጡን አየሁት። እንግሊዝ የሚቀበለው የብሪታኒያውን ደረጃ ወይም የአውሮፓውን 22.05 እና ከዚያ በላይ ነው። የእሱ ውስጡ ያለው የቀለጠ ማስቲካ ብቻ ነው። ለታናሽ ወንድምህ ተውለት አልኩት። ታናሽየው ከባጃጁ ላይ ሆኖ ሰምቶን ኖሮ፣ ቀና ብዬ ሳይ ሄልሜቱ ከጠረጴዛው ላይ የለም።