ሰማያዊውን የውሃ አበባ በጓሮ ለማሳደግ ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፊላው ወደበዛበት በኩል በጠዋት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሰፋፊ ክብ ቅጠሎች ውሃው ላይ ተነጥፈው፣ ከመሃላቸው በቀጭን አንገት ላይ የቆመ ሰማያዊ አበባ ይታያል። የገዛ ሀገራችን አበባ ነው። ረግረጉ በጠበበ ቁጥር ግን ማደሪያው እየጠፋ ነው። በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ሐይቁን የሚመግበው ጨለለቃ እንኳ ድሮ ራሱ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰው አበባውን በጓሮዬ ላሳድግ ሲለኝ ደስ ይለኛል። የሚገርመኝ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ አበባው ነው፤ ስለ ጭቃው የሚጠይቅ የለም።

ከሐይቁ ነቅሎ ማምጣት

እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው። ጀልባ የሚቀዝፈውን ልጅ ለምኜ ሁለት እግር አስነቀልኩ። «ጋሼ፣ ይሄ እቤት አይበረክትም» ቢለኝም አልሰማሁትም። ሥሩ ሲነቀል ተበጣጥሶ ስለነበር በ10 ቀን ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ አለቀ።

የባሰው ግን ከቅጠሉ ጋር የመጣው እንግዳ ነው። አንዱን ቅጠል ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ እንደ ሳንቲም ጠፍጠፍ ያሉ፣ የተጠቀለሉ ቡናማ ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈዋል። አጠገባቸው እንደ ጄሊ የሚያብረቀርቅ የእንቁላል ክምር አለ። በሐዋሳ ሐይቅ የአንጀት ቢልሃርዝያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ የሚያስተላልፈውም እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ነው። ከእንቁላሉ ገና የተፈለፈለው ትንሹ በሽታውን አይዝም። አደገኛው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ውሃ ውስጥ የኖረው ትልቁ ነው። እሱን ከነቅጠሉ አምጥቶ ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት ሳፋ ውስጥ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይልቅ አስቀድሞ ከሚያሳድግ ሰው አንድ ቁራጭ ለምኑ፤ ወይም በዘር ጀምሩ። ፍሬው የሚበስለው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ነው፤ ሲፈነዳ ዘሩ ጥቂት ጊዜ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ያኔ በሻይ ማጥለያ ይለቀማል። ዝርግ ሳህን ላይ ጥቁር አፈር አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ጣት ውሃ ጨምራችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል እንደ ክር የቀጠነ ነው። ሣር መስሎኝ የመጀመሪያዎቹን በእጄ ነቅዬ ጥያለሁ።

ሌላውን አበባ እሱ ነው ብሎ መውሰድ

ሐምራዊ አበባው ቢያምርም እምቦጭን ከማንም አትቀበሉ። በሀገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያደረገውን ጣና ይመስክር። ችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው ነጩ ካላ ሊሊ ደግሞ በሳይንስ ስሙ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ስላለ ብዙ ሰው የእኛ ይመስለዋል፤ መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። ሎተስ እያሉ የሚጠሩትም ሌላ ተክል ነው፤ የእሱ ቅጠል ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ የእኛው ውሃው ላይ ይተኛል።

የጓሮውን አፈር እንዳለ መጠቀም

ሐዋሳ ላይ ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። አፈራችን ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀለል ያለና አሸዋማ ነው። ከጓሮዬ ቆፍሬ ሳፋው ውስጥ አድርጌ ውሃ ስሞላበት ነጫጭ ቀዳዳ ጠጠሮች እንደ ፈንዲሻ ወደ ላይ መጥተው ተንሳፈፉ። ከሥር የቀረው አሸዋ ሥሩን መያዝ አቃተው፤ ተክሉም ተነቅሎ ለብቻው ሲንሳፈፍ አገኘሁት።

ብዙዎች ይሄን ሲያዩ የከብት ፍግ ይጨምሩበታል። በሳምንቱ ውሃው እንደ ጎመን ቀቅል ይሆናል፣ ይሸታል፣ አረንጓዴው አተላ ቅጠሉን ያለብሰዋል። የሚያስፈልገው ሲረግጡት ጫማ የሚይዝ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በሰፊ ፕላስቲክ ዕቃ ሙሉት፤ ድንች የመሰለውን ሥር ስትተክሉ ቅጠል የሚወጣበት ጫፍ ከአፈሩ በላይ ይሁን። እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ላዩን በታጠበ ጠጠር ሸፍኑት፤ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ስታስገቡ አፈሩ እንዳይበተን ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጥልቅ ውሃ ውስጥ መክተት

መጀመሪያ ከአፈሩ በላይ ያለው ውሃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ቅጠሎቹ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርሱ ዕቃው ቀስ በቀስ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይወርዳል። አቮካዶ ሥር አታስቀምጡት፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፏፏቴም አይወድም፤ የረጋ ውሃ ነው ልማዱ። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሚል ጭርሱን አይሞከርም።

ውሃ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አንድ ቀን ተከፍቶ ይደር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ነው፤ ፍሎራይድም ይበዛበታል። በበጋ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ እናንተ በላዩ ሌላ ጨው ትጨምራላችሁ። በሳፋው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ግማሹን ደፍታችሁ ቀይሩት። በክረምት ከቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የመሰለ ውሃ የለም።

ትንኝን መርሳት

ሐዋሳ የወባ ከተማ ናት። የትንኝ እጭ በእኛ ሙቀት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ ደግሞ በተለይ ሰው ሠራሽ የውሃ ማቆሪያ ትወዳለች፤ የእኛ በርሚል ለእሷ ቤተ መንግሥት ነው። እጩን የሚለቅሙ ትንንሽ ዓሦች ጨምሩ። ቆሮሶና አምባዛ ግን አይሆኑም። ቆሮሶው ሲያድግ ለጋ ቅጠል ይበላል፤ አምባዛው ጭቃውን ሲያምስ ያድራል። ዓሣ ካላገኛችሁ በየ5 ቀኑ እጩን በወንፊት ማውጣት አለባችሁ፤ ይሄን የሚሰለች ሰው አበባውን ባይጀምር ይሻለዋል። ሕፃን ካለ ደግሞ ሽቦ ወይም አጥር የግድ ነው።

ሞተ ብሎ መድፋት

ከሰዓት በኋላ አበባው ይዘጋል፤ በማግስቱ ጠዋት መልሶ ይከፈታል፤ ሦስት አራት ቀን እንዲህ ያደርጋል። ውሃው ቢደርቅም ሥሩ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ዝናብ መጠበቅ ያውቃል። ጎረቤቴ «አለቀለት» ብላ አፈሩን ጎመን መደብ ላይ ልትደፋው ስትል ነው የደረስኩት፤ ቆፍረን ስናይ ዋልነት የሚያክል ጠንካራ ሥር ነበረው።

አበባው የተከፈተ ዕለት መሃሉን ተመልከቱ፤ ጥቂት ፈሳሽ አቁሮ ታገኛላችሁ። ከሌላ አበባ ብናኝ ይዞ የመጣ ነፍሳት እዚያ ሲወድቅ ብናኙ ታጥቦ ዘር የሚይዘው ክፍል ላይ ይቀራል። ባለፈው ጠዋት አንዲት ትንሽ ዝንብ ሰጥማ አገኘኋት። ላወጣት ጣቴን ዘርግቼ፣ የዘሩ ነገር ትዝ ሲለኝ ተውኳት።