ከማኅበሩ ጽዋ፣ ከመስጊዱ ሰደቃ፦ ለነገደ ወይጦ ጎረቤቶች ወለድ አልባ ተዘዋዋሪ ብድር እንዴት ይመሠረታል?

በጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳና ቅርጫት የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጸየፋቸው፣ ማዕድና ጋብቻ ሲነፍጋቸው ኖሯል። ይህን አጥር ያጠረው አማኙ ስለሆነ ማፍረሱም የአማኙ ዕዳ ነው። ባሕር ዳር ያለ የጽዋ ማኅበር ከአንድ የመስጊድ ጀመዓ (የሰጋጆች ኅብረት) ጋር ሆኖ እንዲህ ሊጀምር ይችላል።

ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት የጽዋ ማኅበሩ መሪ (ሙሴው) እና የመስጊዱ ኢማም አብረው ወደ ሰፈሩ ይሂዱና ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ይጠይቁ። ራሳቸውን በሚጠሩበት «ነገደ» ጥሯቸው፤ «ወይጦ» የሚለው ስም ለብዙዎቹ ስድብ ሆኖ ኖሯልና። ስብሰባው ላይ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ይቅረብ፤ ሥጋ ከቀረበ በእርዱ ምክንያት ማዕዱ ይለያያል። ቡናውን ደግሞ በአንድ ረከቦት፣ ባልተለየ ስኒ ጠጡ። ይህን ያልቻለ ማኅበር ብድሩን ባይጀምር ይሻላል።

ሒሳቡ ለምሳሌ እንዲህ ነው። 12 የማኅበር አባላትና 12 የጀመዓ አባላት እያንዳንዳቸው በወር 300 ብር ቢያዋጡ በወር 7,200 ብር ይሆናል፤ በ6 ወር 43,200። ይህ ለ6 ሰው 7,200 ብር ያዳርሳል። እያንዳንዱ በወር 720 ብር በ10 ወር ይመልሳል። ስድስቱ በሁለት ወር 8,640 ስለሚመልሱ ሰባተኛው ሰው 7,200 ወስዶ 1,440 ብር ለመጠባበቂያ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ክፍያ አይጠየቅም፤ ክረምት ጎብኚ ይቀንሳል፣ የእጅ ሥራም አይሸጥም። ይህን ሳያስቡ የወር ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎች ተበዳሪውን ወደ አራጣ አበዳሪ ይገፉታል።

ወለድ አይኑር፤ «የአገልግሎት» ተብሎም ቢሆን በመቶኛ አይጨመርበት። የባንክ ሒሳቡም ወለድ አልባ ይሁን። ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ አንዷ ከነገደ ሴቶች ትመረጥ። ዋስትናው ንብረት ሳይሆን አምስት አምስት ሆነው የሚተዋወቁ ሰዎች ቢሆኑ ይበጃል።

ዘካን (የሙስሊሙን የግዴታ ምጽዋት) ከብድሩ ጋር አትቀላቅሉ። ዘካ የተቀባዩ ሀብት ሆኖ የሚሰጥ ነው፣ ተመላሽ አይጠየቅበትም። አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው ገንዘብ፣ መጠኑ ኒሳብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን) ከሞላ፣ ከ40 አንዱ ይወጣል፤ የተሰበሰበውም ለሥራ መሣሪያና ለልጆች ትምህርት ይሆናል። በፈቃድ የሚሰጠው ሰደቃና የጽዋው መዋጮ ግን ለብድሩ ይሆናሉ።

ብድሩን ለአንድ ታንኳ ብቻ አትስጡ። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ዕዳው ሳያልቅ ታንኳው ያልቃል። ይልቅ ደንገል በጅምላ ማስጫኛ፣ ማድረቂያ ቦታ መከራያ፣ ዕቃውን ጎብኚ እስኪመጣ ማቆያ ይሁን። ቀድሞ ገንዘብ የሰጠ ነጋዴ ዋጋውን የሚቆርጠው ሠሪው የዛሬ እራት ስለቸገረው ነው፤ የአንድ ወር መቆያ ያገኘ ሠሪ ግን ዋጋ ይከራከራል።

ስለ ምዝገባ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም። ተበዳሪዎቹ በርክተው ራሳቸው መቆጠብ ሲጀምሩ በአዋጅ 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁሙ፤ መዝገቡንና ቀሪውን ገንዘብ ያን ጊዜ አስረክቧቸው።