በመጀመሪያው ዊንተር ቆዳችሁ ሲያሳክክ

አሜሪካ የገባሁት ኅዳር ላይ ነበር። ወር ሳይሞላኝ ቅልጥሜ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ፤ ሌሊቱን እግሬን እያከክሁ አድሬ ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አያለሁ። ምግቡ ነው አልኩ፣ ውሃው ነው አልኩ። ለካ ቀን ከሌት የሚሠራው ሂተር የቤቱን አየር አድርቆት፣ እኔ ደግሞ ብርድ በመጣ ቁጥር ግማሽ ሰዓት የሚያቃጥል ሻወር ስር እየቆምኩ ቆዳዬ ላይ የቀረችውን ወዝ ሳጥባት ኖሯል።

መጀመሪያ ሻወሩን ለብ አድርጉት፣ ከ10 ደቂቃም አይለፍ። በፎጣ ጫን ጫን አድርጉ እንጂ አትፈትጉ። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ወፍራም ቅባት ተቀቡ፤ ተራው ቫዝሊን ይበቃል፣ ውድ ነገር አትግዙ። የልብስ ሳሙናም ስትገዙ ‹ፍራግራንስ ፍሪ› (ሽቶ ያልገባበት) የሚለውን ፈልጉ፤ ‹አንሴንትድ› (ሽታ አልባ) የሚለው ሽታውን የሚሸፍን ሽቶ ሊኖረው ይችላል። ማሳከኩ አልቆም ካለ 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል ቀለል ያለ የማሳከክ ቅባት ያለ ማዘዣ ይገኛል፣ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ።

እባካችሁ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን ጠንካራ ቅባት ዝም ብላችሁ አትቀቡ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል ማሳከክና እብጠት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት አላቸው። ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፤ ጭርት ላይ ከተቀባ ደግሞ ማሳከኩን ለጊዜው ያበርድና ጭርቱ ይስፋፋል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ ሽፍታ ጭርት ሊሆን ይችላል። ለሱ ክሎትሪማዞል የሚባል የጭርት ቅባት ፋርማሲ ውስጥ አለ፤ የጠፋ ሲመስል አታቋርጡት።

ሌሊት የሚብስ፣ በጣት መሃልና በወገብ ዙሪያ የሚያሳክክ፣ አብሯችሁ የሚኖረውንም ሰው የያዘ ከሆነ እከክ ጠርጥሩ። ክፍል ተጋርቶ የሚኖር ሰው ይይዘዋል፤ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፣ አትፈሩ። ሐኪም ፐርሜትሪን የሚባል የእከክ ቅባት ያዝዛል፣ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ካልተቀባ ተመልሶ ይመጣል። አንሶላና ልብሱም በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ 911 ደውሉ።

ለሌላው ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች በነጻ ያቀርባሉ። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ሽፍታ ላይቀላ ይችላል፤ «ቀልቷል ወይ?» ሲሏችሁ «አልቀላም» ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ «ከወትሮው ጠቁሯል፣ ይሞቃል» በሉ። የተቀባችሁትንም ሁሉ፣ ከሻንጣው የወጣውን ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።